የሸክላ ማጫወቻው ራሱ ይመስክር

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ በየቤታችን ያለውን አሮጌ ዕቃ የምናየው በሁለት ዓይን ነው። አንደኛው ሰው አቧራውን አይቶ «ይጣል» ይላል፤ ሁለተኛው ገዢ ሲያገኝ «ይሸጥ» ይላል። ዕቃው ምን እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ተሠራ፣ በእነማን እጅ እንዳለፈ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሦስተኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ሦስተኛ ሰው ከተማሪዎችና ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ይፈልጋል። ለመነጋገሪያ የመረጥነውም ዕቃ የሸክላ ማጫወቻ፣ ፈረንጆች ፎኖግራፍ ወይም ግራሞፎን የሚሉት መሣሪያ ነው።

ጉዳዩን ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ወስደን ብናየው ይበልጥ ይገባናል። ቢቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናቸው። እንደነዚህ ባሉ ከተሞች የኤሌክትሪክ ኃይል ሳይገባ በፊት ሙዚቃን በሸክላ ለመስማት የሚቻለው በሞላ በሚሠራ ማጫወቻ ነበር። ሞላ ስንል በክብ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጠውን ረጅም የብረት ጥብጣብ ማለታችን ነው። በእጅ ይጠነጠናል፤ ሲፈታም ሸክላውን ያዞራል። ባትሪም ሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይሻም፤ ተዘግቶ እንደ ሻንጣ ስለሚያዝም በቅሎ ላይ ለመጫን ይመቻል።

እንግዲህ አንድ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ሄዶ፣ ከቆጡ ላይ ጥቁር ሻንጣ የሚመስል ሣጥን አገኘ እንበል። እርሱ ሳይመረምረው አሮጌ ዕቃ ለቃሚ ነጋዴ ይደርሳል። «እማማ፣ ይህ ዕቃ ተበላሽቷል፤ ቤት ከሚያጣብብብዎ ለእኔ ይስጡኝና የስኳር መግዣ ልስጥዎ» ይላል። አሮጊቷም «ነፍሱን ይማረውና የእሱ ነበር፤ ዛሬማ ማን ያስጮኸዋል፣ ልጄ?» ብለው ይሰጡታል። ነጋዴው ሠራው የምንለው ወንጀል የለም። ሣጥኑ ግን ከዚያ ቤት ሲወጣ የማን እንደ ነበረ የሚናገር ሰው ከእርሱ ጋር አይወጣም። ቀጥሎም ጭንቅላቱ ለአንድ፣ ሞላው ለሌላ ይሸጣል። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ሣጥን እውነቱን ለማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ለመሸጥም ሆነ ለማስቀመጥ ከመወሰን በፊት መለየት ይቀድማል። መለየት ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቱ በአገራችን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ ስሙ

በአማርኛ ሁሉንም «የሸክላ ማጫወቻ» ብለን እንጠራለን። ይሁን እንጂ ሸክላ የማያጫውትም አለ። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 የሠራው የመጀመሪያው ፎኖግራፍ ድምፅን የሚቀርፀው በሲሊንደር፣ ማለት በሚሽከረከር ድቡልቡል ግንድ ላይ በተጠቀለለ ስስ የቆርቆሮ ወረቀት ላይ ነበር። ቺቸስተር ቤልና ቻርልስ ቴንተር የተባሉ ሰዎች በቆርቆሮው ወረቀት ፈንታ ሰም አስገብተው እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብት አገኙ፤ መሣሪያቸውንም «ግራፎፎን» አሉት። ኤሚል በርሊነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1887 ድምፁን በጠፍጣፋ ክብ ላይ የሚጽፈውን ዘዴ አስመዘገበ፤ «ግራሞፎን» የሚለውም ስም የእርሱ ነው። የኋላ ኋላ እኛ ሸክላ ያልነው ከዚህ ከጠፍጣፋው የተወለደውን ነው።

ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩት በቅርፅ ብቻ አይደለም። በሲሊንደሩ ላይ መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች እየዘለለ ይሄዳል፤ እንደ ጎጃም መንገድ ዳገትና ቁልቁለት አለበት። በበርሊነር ሸክላ ላይ ግን መርፌው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ ይሄዳል። ስለዚህ የአንደኛው ጭንቅላት ለሁለተኛው አይሆንም። ለምሳሌ የፈረንሳዩ የፓቴ ኩባንያ የቀድሞ ሸክላዎችና የኤዲሰን ወፍራም ሸክላዎች ጠፍጣፋ ይሁኑ እንጂ ድምፃቸው የተጻፈው በዳገትና በቁልቁለት ነው። ጠፍጣፋ ያየ ሁሉ ተራ የብረት መርፌ ቢሰካበት ሸክላውን ይፍቀዋል።

ሰሙና ወርቁ

ጎጃም የቅኔ አገር ናት። የዋሸራና የጎንጅ ስም በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስም ከቢቸና አጠገብ ይገኛል። ስለዚህ ለዚያ አገር ልጅ ሰምና ወርቅ የሚለውን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በፎኖግራፍ ታሪክ ውስጥ ግን እውነተኛ ሰምና እውነተኛ ወርቅ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ የሰም ሲሊንደር በብዛት ለማባዛት አስቸጋሪ ነበር። ዘፋኙ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ መዝፈን፣ ወይም አንዱን ሲሊንደር እያጫወቱ ወደ ሌላው መገልበጥ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 የኤዲሰን ኩባንያ «በወርቅ ቅርፅ የወጣ» የተባለውን ሲሊንደር ለገበያ አቀረበ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ድምፁ የተቀረፀበት የሰም ሲሊንደር አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ ይቀመጥና በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ተን የተለወጠ ወርቅ እጅግ ስስ ሆኖ ያርፍበታል። በወርቁ ላይ ሌላ ብረት ተደርቦ ጠንካራ ቅርፅ ይሆናል። ሰሙ ከውስጥ ሲወጣ የድምፁ መስመር በወርቁ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ቅርፅ ብዙ ሲሊንደር ይባዛል። ሰሙ ወጥቶ ወርቁ ቀረ ማለት ነው። አንጥረኛውም ባለቅኔውም ሊፈርዱበት የሚችሉት ነገር ነው።

ሰም ላይ የተቀረፀ ድምፅ የአገራችንንም ታሪክ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ ቃላቸውን አስቀርፀው ላኩ። መልእክቱን ካፒቴን ጆን ሃሪንግተን ወደ አዲስ አበባ አመጣው። በንግሥቲቱ ፈቃድ ሲሊንደሩ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተደረገ። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1899 እ.ኤ.አ. በዚያው ዘዴ መልሳቸውን አስቀርፀው ላኩ፤ የእነርሱ ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማል። የአንደኛዋ ቃል ጠፍቶ የሁለቱ የቀረው ሰሙ ስለ ተጠበቀ ነው።

የሲሊንደር ማጫወቻ ሲገኝ

የሲሊንደር ማጫወቻ በአገር ቤት ቢገኝ ብርቅ ነው። ቢሆንም አወቃቀሩን ማወቅ የመለየትን ትምህርት ያስጀምራል። የኤዲሰን ፋብሪካ መሣሪያዎች እንደ ወንድማማች የሚመሳሰሉ፣ በመጠን ግን የሚበላለጡ ናቸው። ትንሹ «ጄም» ይባላል፤ «ስታንዳርድ» እና «ሆም» በመካከል ናቸው፤ «ትራያምፍ» የተባለው ትልቅ ሲሆን ሦስት ሞላ አለው። በብረቱ ላይ በተመታው ሰሌዳ ቁጥሩና የሞዴሉ የላቲን ፊደል ይገኛል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ ይቀጥላል።

ጀማሪው ሰብሳቢ ፊደሉን ሲያነብ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የቀድሞው ሲሊንደር የሚጫወተው ለሁለት ደቂቃ ያህል ነበር፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 100 የድምፅ መስመር ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ አራት ደቂቃ የሚደርስ ሲሊንደር ወጣ፤ ይህም በአንድ ኢንች 200 መስመር ይይዛል። ለአዲሱ ሲሊንደር ጭንቅላቱ በግማሽ ፍጥነት መራመድ ስላለበት ተጨማሪ ጥርስና ሌላ መርፌ አስፈለገ። ለሁለት ደቂቃው «ሲ»፣ ለአራት ደቂቃው «ኤች» የተባለ ጭንቅላት ተሠራ፤ «ኬ» የተባለው ደግሞ ሁለት መርፌ ይዞ እየተገለበጠ ለሁለቱም ያገለግላል።

ታዲያ ሰሌዳው «ሞዴል ኤ» የሚል፣ ውስጡ ግን የአራት ደቂቃ ጥርስ ያለው መሣሪያ ብናገኝ ምን እንላለን? ጀማሪው «ተጭበረበርሁ» ይላል። እውነቱ ግን ፋብሪካው ራሱ የቀድሞ መሣሪያ ላላቸው ደንበኞች ተጨማሪውን ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበር ነው። ይህ ለውጥ በሕይወት ዘመኑ የደረሰበት እንጂ ሐሰት አይደለም። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ሦስት ነገሮችን ለይቶ ያያል፤ ከፋብሪካ የወጣበትን፣ ባለቤቱ በጊዜው ያሻሻለውን፣ ከዚያም በኋላ ነጋዴ የቀላቀለውን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ታሪክ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን የታሪኩ መበላሸት ነው።

ባለ ሸክላው ማጫወቻ

የሸክላ ማጫወቻዎች በሦስት ይከፈላሉ። የቀደሙት ትልቅ ጡሩምባ ከላይ የሚታይባቸው ናቸው። ቀጥሎ ጡሩምባው በሣጥኑ ውስጥ ተደብቆ ከፊት በበር ወይም በወንፊት ድምፅ የሚያወጣው መጣ፤ የአሜሪካው ቪክተር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1906 «ቪክትሮላ» ብሎ ያወጣው ዝነኛው ነው። ሦስተኛው እንደ ሻንጣ የሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ማጫወቻ ነው። የእንግሊዙ «ዴካ» እ.ኤ.አ. በ1914 ወጥቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች እስከ ምሽግ ድረስ ይዘውት ገቡ። ለእኛ ተራራና ገደል የሚስማማውም ይኸው ሦስተኛው ዓይነት እንደ ሆነ አንባቢ አይስተውም።

የስም ሰሌዳው ቋንቋም ይመሰክራል። ጡሩምባ የሚያዳምጠው ውሻ በብዙ አገር ይታወቃል። ሥዕሉን የሣለው ፍራንሲስ ባሮ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ውሻው የሚያዳምጠው የሲሊንደር ፎኖግራፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1899 የግራሞፎን ኩባንያ ሥዕሉን ሲገዛ በላዩ የሸክላ ማጫወቻ እንዲሣልበት ተደረገ። ከሥዕሉ ሥር «ሂዝ ማስተርስ ቮይስ» ከተጻፈ እንግሊዝኛ ነው፤ «ላ ቮቼ ዴል ፓድሮኔ» ከተባለ ጣሊያንኛ፣ «ላ ቯ ደ ሶን ሜትር» ከተባለ ፈረንሳይኛ ነው። ትርጉሙ አንድ ነው፤ የጌታው ድምፅ ማለት ነው። ቋንቋው ዕቃው ለየትኛው አገር ገበያ እንደ ተዘጋጀ ያስረዳል። በማን እጅ ወደ ጎጃም እንደ ገባ ግን ብቻውን አያስረዳም፤ ያንን የሚነግረን የቤቱ ሰው ነው።

101 እና 102

ከተንቀሳቃሾቹ መካከል በዓለም ዙሪያ በብዛት የተሠራጩት የ«ሂዝ ማስተርስ ቮይስ» 101 እና 102 ናቸው። 101 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው፤ 102 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931 ተተክቶ ከ20 ዓመት በላይ ተሠርቷል። ከሩቅ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። የሚለዩት ግን በቀላሉ ነው።

በመጀመሪያ ጭንቅላቱን እንይ። ጭንቅላት የምንለው መርፌው የሚሰካበት፣ እንደ ትንሽ ከበሮ ያለ ክብ ዕቃ ነው። የ101 ጭንቅላት ቁጥር 4 ይባላል፤ በመካከሉ ያለው ስስ ሽፋን እንደ መስተዋት የሚያሳልፍ ማይካ ነው። የ102 ጭንቅላት ብዙውን ጊዜ 5ኤ ወይም 5ቢ ነው፤ ሽፋኑም አሉሚኒየም ነው። ስለዚህ በ102 ሣጥን ላይ የማይካ ጭንቅላት ከታየ ተለውጧል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ማዞሪያው ነው። ቀደም ባሉት 101 ማጫወቻዎች ማዞሪያው የሚገባው ከሣጥኑ ፊት ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ጎን ተዛወረ። በአንዱ ሞዴል ውስጥ የቀደመውንና የኋለኛውን የሚለየው ይህን የመሰለ ትንሽ ነገር ነው። ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ጥቁሩ ብዙ ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የመሳሰለው ጥቂት ስለ ሆነ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል። በዚህም ምክንያት ጥቁሩን ገፍፈው በቀይ ጨርቅ የሚያለብሱ አሉ። የብሎኑ ራስ ተፍቆ፣ የጨርቁ ጠርዝ ከብረቱ በላይ ወጥቶ፣ ውስጡ የደበዘዘ ሆኖ ውጪው እንደ አዲስ ከበራ ማመንታት ይገባል።

እዚህ ላይ የቅኔ ተማሪ ለሰብሳቢው መምህር ሊሆን ይችላል። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃናን ከመወድስ የሚለየው ድምፁ ስላማረው አይደለም፤ ቤቱን ይቆጥራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ቤቱ ከጎደለ ቃሉ ምንም ቢያምር መምህሩ አይቀበለውም። የማጫወቻም ቤቶች እንዲሁ ይቆጠራሉ፤ ሰሌዳው፣ ጭንቅላቱ፣ ክንዱ፣ ሞተሩ፣ ማዞሪያው፣ ሣጥኑ። ሁሉም በአንድ ቃል ከመሰከሩ ሞዴሉ ታውቋል ማለት ነው። አንዱ ከተቃወመ ደግሞ ዝም ማሰኘት አይገባም፤ ለምን እንደ ተቃወመ መጠየቅ ነው። ለምሳሌ በዘመኑ ጭንቅላቶች የተሠሩበት የዚንክ ቅልቅል ብረት ሲያረጅ ራሱ እያበጠ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የጭንቅላት መለወጥ ሁልጊዜ የሌብነት ምልክት አይደለም።

ፋብሪካው የማያውቀው ሞዴል

የሚያብረቀርቅ የናስ ጡሩምባ፣ ባለ ብዙ ማዕዘን ሣጥን፣ ከፊቱ የውሻው ሥዕል ያለበት ግራሞፎን በብዙ አገር የቅርሳ ቅርስ መደብር ይታያል። በፎቶግራፍ ያማረ ስለ ሆነ «እውነተኛው ጥንታዊ ይህ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን በህንድ አገር በቅርብ ዘመን ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ሞተሩና መዞሪያው ሳህን ብዙ ጊዜ ከተሰበሩ እውነተኛ ተንቀሳቃሽ ማጫወቻዎች የተነቀሉ ናቸው። ስለዚህ ሞተሩን ብቻ የተመለከተ ሰው ይታለላል።

ምልክቶቹን እንዘርዝር። ጡሩምባውን ከክንዱ ጋር የሚያገናኘው ክርን ወፍራምና እንደ ውኃ ቧንቧ የተቆለመመ ነው። እንጨቱ ለስላሳ፣ ቅባቱ አዲስ፣ በየማዕዘኑ የናስ ጌጥ የተለጠፈበት ነው። የውሻው ሰሌዳ አዲስ ሆኖ ሳለ ሌላው ዕቃ ያረጀ ይመስላል። የእውነተኞቹ ባለ ጡሩምባ ማጫወቻዎች ጡሩምባ ብዙውን ጊዜ ቀለም የተቀባ ብረት ወይም እንጨት እንጂ ሁልጊዜ እንደ ሣህን የሚያብረቀርቅ ናስ አይደለም። ይህን ዓይነቱን ዕቃ ለጌጥ መግዛት ነውር የለበትም። የጥንት ነው ብሎ መክፈል ግን ኪሳራ ነው፤ የአያትን ጥቁር ሣጥን ሰጥቶ በእርሱ መለወጥ ደግሞ ከኪሳራም የከፋ ነው።

የቤቱ ቃልና የሰሌዳው ቁጥር

በአገር ቤት ዘመን የሚቆጠረው በታላላቅ ነገር ነው። የቢቸናና የሞጣ ሽማግሌዎች «ከጣሊያን በፊት»፣ «በላይ ዘለቀ በነበረ ጊዜ»፣ «በግብሩ ዐመፅ ዓመት» ብለው ሊነግሩን ይችላሉ። ይህን ቃል መናቅ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሳይመረምሩ መቀበልም እንዲሁ። ጣሊያን የገባው በ1928 ነው፤ በላይ ዘለቀ የተሰቀለው በ1937 ነው፤ በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች የተነሣው የገበሬዎች የግብር ዐመፅ የ1960 ነገር ነው። እነዚህን ዓመታት በአንድ በኩል፣ የሞዴሉን ዓመት በሌላ በኩል አድርገን እናመዛዝን።

አንድ ቤተሰብ «ይህን ማጫወቻ አያታችን በአፄ ምኒልክ ዘመን አመጡት» ቢለን፣ ሣጥኑም 101 ሆኖ ቢገኝ፣ ቃሉ ሊሆን አይችልም፤ አፄ ምኒልክ ያረፉት በ1906 ሲሆን 101 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1925፣ ማለት በ1917 ወይም በ1918 ነው። «ከጣሊያን በፊት» ቢሉን ግን 101ም 102ም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም ከ1928 በፊት ገበያ ላይ ነበሩና። የመጀመሪያው ቃል ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሽማግሌውን ውሸታም ማለት አይገባም። ምናልባት በዚያው ቤት ቀድሞ የነበረ ሌላ ማጫወቻ ይኖራል፤ ትዝታው ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ተላልፎ ይሆናል። ጥያቄውን መቀጠል ነው።

ድምፁን እንዳንገድለው

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀታችን ደርሰናል። ማጫወቻውን ያገኘ ወጣት መጀመሪያ የሚያምረው ማስጮህ ነው። ነገር ግን በሳጥኑ አጠገብ የተቀመጠው ሸክላ የትኛው እንደ ሆነ ሳይለይ መርፌ ቢያሳርፍ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ያደርሳል።

የዚህ ዓይነቱ ማጫወቻ የሚያጫውተው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ ነው። ያ ሸክላ ሼላክ ከሚባል፣ ከትንንሽ ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ ስለ ሆነ ጠንካራ ነው፤ ሲወድቅ ግን እንደ ስሙ ሸክላ ሆኖ ይሰበራል። ጭንቅላቱ ከ100 ግራም በላይ እየከበደ በብረት መርፌ ይሄድበታል። መርፌው በአንዱ ገጽ ስለሚያልቅ ለእያንዳንዱ ገጽ አዲስ መርፌ ያስፈልጋል። ያንኑ መርፌ ደጋግሞ መጠቀም ሸክላውን እንደ ሞረድ መሞረድ ነው።

የአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ የታተመባቸው ሸክላዎች ግን ሌላ ናቸው። አምሃ እሸቴ «አምሃ ሪከርድስ» የተባለውን ድርጅቱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከዚያ በፊት ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ አምሃ ያንን ጥሶ ወደ 100 የሚሆኑ ትንንሽ ሸክላዎችን አሳተመ። የዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ በመጀመሪያዎቹ ላይ ይገኛል። እነዚህ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ፣ ከፕላስቲክ የተሠሩ፣ መስመራቸው እጅግ የቀጠነ ናቸው። ሲታጠፉ ጥቂት ይለመጣሉ፤ ለጥቂት ግራም ክብደት የተሠሩ ናቸው። በአያት ግራሞፎን ላይ አንድ ጊዜ ቢጫወቱ የብረቱ መርፌ ድምፁን አርሶ ይጥለዋል።

የቀደመ የአማርኛ ሸክላ ቢገኝማ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርፀዋል፤ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂ የሚባለውም ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ሸክላ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቆሞ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ፤ ድምፁም በቀላል መርፌ በሚሠራ የኤሌክትሪክ ማጫወቻ በባለሙያ እጅ ይቀዳ። በአያት ግራሞፎን ላይ ግን አይውጣ።

የሞላውንም ቤት አትክፈቱ። ተጠንጥኖ የቀረ ሞላ ሲፈነዳ እጅ ይቆርጣል። ለመመርመር ከተፈለገ በመዞሪያው ሳህን ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎ፣ በሰዓት አንድ ደቂቃ ይዞ ዙሩን መቁጠር ይበቃል። 78 አካባቢ ከሆነ፣ እየተሽከረከሩ ፍጥነቱን የሚጠብቁት ትንንሽ የብረት ክብደቶች አሁንም ሥራቸውን ይሠራሉ ማለት ነው።

ምን እንጻፍ?

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው ሁሉ በአንድ ገጽ ደብተር ሊጻፍ የሚችል ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ስም፣ ሞዴልና ቁጥር፤ የጭንቅላቱ ቁጥርና የሽፋኑ ዓይነት፤ ማዞሪያው የሚገባበት ወገን፤ የሣጥኑ ቀለም ውጪና ውስጥ፤ የጎደለና የተለወጠ ዕቃ። ቀጥሎ የቤቱ ቃል፤ ማን አመጣው፣ ከየት፣ በማን ዘመን፣ በምን ተጭኖ፣ በየትኛው ሠርግ ወይም በየትኛው በዓል ተጫወተ። በመጨረሻም አብረው የተገኙት ሸክላዎች አንድ በአንድ። ይህ ከመደረጉ በፊት አይታጠብ፣ አይቀባ፣ አይፈታ። የናሱ ማብራት ይቆያል፤ የሽማግሌው ትዝታ ግን አይቆይም።

ተማሪው ይህን በአንድ ዕረፍት ሊሠራው ይችላል። በወረዳ የተመደበው ወጣት ሠራተኛም ከሥራ በኋላ የሚተርፈው ሰዓት አለው፤ የጻፈውን ለባህል ጽሕፈት ቤት ወይም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ ቢሰጥ በጀት የማይጠይቅ አገልግሎት ነው። ባለቤቱ በኋላ ቢሸጥ መብቱ ነው፤ ሲሸጥ ግን የያዘውን ዐውቆ፣ ዋጋውን ጠይቆ፣ ታሪኩን ከዕቃው ጋር አስፈርሞ ይሸጣል። ባይሸጥም ልጆቹ የሚወርሱት መጫወቻው ያልታወቀ ሣጥን መሆኑ ይቀራል።

አሮጌ ዕቃ ሁሉ ቅርስ አይደለም፤ ቅርስ የሚያደርገው ማን እንደ ያዘው፣ ምን እንደ ተሰማበት መታወቁ ነው። ሰሙን ለይተን ካልጠበቅን ወርቁን ከየት እናገኘዋለን?